ያልታመመ ሁሉ የሚቋቋም አይደለም፦ ከሸዋ ሮቢት ማሳ ስለ በርበሬ ዘር መረጣ

በእኛ አካባቢ የበርበሬ ዘር የሚመረጠው ከጆንያ ነው። ዛላው ደርቆ ቤት ይገባል። ሴቶቹ ሲቀነጥሱ ትልልቁንና ቀላ ያለውን ለብቻ ያኖራሉ። «ይሄ ለዘር» ይባላል። በቀጣዩ ግንቦት ችግኝ የሚፈላው ከእሱ ነው። ዛላው ያምራል፤ ጥያቄ የለውም። እናቲቱ ተክል ግን ምን ትመስል እንደነበር የሚያውቅ የለም። ጎረቤቶቿ ሁሉ በበሽታ ሲያልቁ ብቻዋን የቆመች ነበረች? ወይስ ቦዩ ዳር ውሃና ፍግ ጠግባ፣ ታማም ቢሆን ጥቂት ትልልቅ ዛላ የጣለች? ዛላው አንዴ ጆንያ ከገባ ይህን መለየት አይቻልም።

ያደግሁት ቀወት ወረዳ ነው። የተማርኩት ዕፅዋት ሳይንስ ነው። ከዚያ በአንድ የምርምር ማዕከል የአትክልት ዝርያ ማሻሻያ ክፍል ውስጥ ቴክኒክ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ሸዋ ሮቢት አጠገብ፣ በአጎቴ የመስኖ መሬት ላይ በርበሬ እመርጣለሁ፣ አዳቅላለሁም። የምፈልገው ቫይረስ ሲመጣ የማይንበረከክ፣ ገበያም የማይንቀው በርበሬ ነው። ተመራማሪ ነኝ አልልም። ግን ከዚህ ሥራ ውስጥ ገበሬው በገዛ ማሳው ሊሠራው የሚችለው ብዙ አለ። ዲኤዎች (የግብርና ልማት ሠራተኞች) እና የግብርና ተማሪዎችም ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን ልጻፈው ብዬ ነው።

ስለ ቦታው ትንሽ ልበል። ጣርማ በርን ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጃኬቱን ማውለቅ ነው። ከፍታችን 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 በላይ ነው። ደጋ ያሉ ዘመዶቻችን በውርጩና በንፋሱ ሲማረሩ ይውላሉ። ያ ብርድ ግን ክሽክሽን፣ ቫይረስ የምታዛምተውን ትንሽ ጭማቂ መጣጭ ነፍሳት፣ ያሳንሳል፤ የድንች ዘር ከደጋ ሲመጣ የሚሻለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። እኛ ታች ውርጭ የለብንም። መስኖ እስካለ ድረስ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። በርበሬው ሲነሳ ቲማቲሙ ይገባል፤ ቲማቲሙ ሲያልቅ ሌላው። ክሽክሹና ነጭ ዝንቡም ቀለባቸው አይቋረጥም። ቫይረሱም ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ይከርማል። ሰብል በሌለበት ወር ደግሞ አውጥ አለ፣ አጤ ፋሪስ አለ። ሁለቱም የበርበሬና የቲማቲም ዘመዶች ስለሆኑ በሽታውን ተሸክመው ይቆያሉ።

መረጣ ከመጀመሩ በፊት በሽታውን መለየት ያስፈልጋል። ቅጠል ሲኮማተር ገበሬው «ምች መታው» ይላል። እኛ የተማርነው ደግሞ ቶሎ ብለን «ቫይረስ ነው» እንላለን። ሁለታችንም አንዳንዴ እንሳሳታለን።

በርበሬ ላይ ቫይረስ ሲገባ ቅጠሉ ላይ ጠቆር ያለና ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ይዘበራረቃል። ሞዛይክ የሚባለው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ የቅጠሉን ጅማት ተከትሎ ጠቆር ያለ መስመር ይታያል። ቅጠሉ ይጠባል፣ ይሸበሸባል። ተክሉ ይቀጭጫል፣ አበባው ይረግፋል። ዛላ ቢይዝ እንኳ ጎባጣና አጭር ይሆናል። በአገራችን በርበሬ ላይ ከታወቁት ውስጥ ፖታቶ ቫይረስ ዋይ፣ ፔፐር ቬይናል ሞትል ቫይረስና ኢትዮጵያን ፔፐር ሞትል ቫይረስ ይገኛሉ። የመጨረሻው በስማችን የሚጠራ ነው፤ የሚያኮራ ነገር ባይሆንም። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ሦስቱንም ከተክል ተክል የሚያደርሰው ክሽክሽ ነው።

ቲማቲም ላይ ያለው ሌላ ነው። የጫፉ ቅጠል ያንሳል፣ ጠርዙ ቢጫ ይሆናል፣ ወደ ላይ ይታጠፋል። ተክሉ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። በልጅነቱ ከተያዘ ፍሬ የሚባል ነገር አይጠበቅም። ይሄኛውን፣ ቢጫ የቅጠል ጠቅልል ልንለው የምንችለውን፣ የሚያዛምተው ነጭ ዝንብ ነው።

አሁን ወደሚያሳስቱት። የበርበሬው ቅጠል ወደ ታች ከታጠፈ፣ ጀርባው ነሐስማ ከሆነና ከጠነከረ መጀመሪያ ማይት የምትባለውን በዓይን የማትታይ ተባይ ጠርጥሩ፤ በአጉሊ መነፅር ትገኛለች። ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ግን ቱፎርዲ ነው። ጤፍና ስንዴ ላይ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ለመግደል የምንረጨው። ቲማቲምና በርበሬ ለእሱ እጅግ ስሱ ናቸው። ከጎረቤት ማሳ በንፋስ የመጣ ትንሽ ጉም ይበቃቸዋል። ቱፎርዲ የተረጨበት መርጫ በውሃ ብቻ ተለቅልቆ በርበሬ ላይ ከዋለም ያው ነው። ቅጠሉ ይረዝማል፣ ይጠባል፣ ጅማቶቹ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፣ ለጋው ጫፍ ይጠማዘዛል። ላላወቀ ሰው ቁርጥ ቫይረስ ነው።

እኔ የምለያቸው በማሳው ላይ በተዘረጉበት መልክ ነው። ቱፎርዲ አንድ ቀን ጠዋት ብቅ ይላል። ንፋሱ ከመጣበት ዳር ይበረታል፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ይሳሳል። የዚያ ዳር ተክል ሁሉ ዕድሜው አንድ የሆነ ጉዳት ይኖረዋል። ቫይረስ እንዲህ አይደለም። እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት ብሎ ይጀምራል። በአንድ መስመር ላይ የታመመውና ጤነኛው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ከሳምንት በኋላ የታመሙት ይበዛሉ። ለአረም ማጥፊያ የሚሆን መርጫ ለብቻው ይኑራችሁ። ይሄ ለመረጣ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም አትክልት አምራች ነው።

«ታዲያ ክሽክሹን በኬሚካል ብንጨርሰውስ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ አለ። የበርበሬው ቫይረስ በክሽክሿ አፍ ጫፍ ላይ ነው የሚጣበቀው። የታመመ ቅጠል ለመቅመስ ሴኮንዶች ይበቋታል። ጤነኛውን ለመበከልም እንደዚያው። ኬሚካሉ እስኪገድላት ቀምሳ፣ በክላ፣ ጨርሳለች። እንዲያውም አንዳንዱ ኬሚካል ስለሚያቅበጠብጣት ከመሞቷ በፊት ብዙ ተክል ትነካለች። የነጭ ዝንቡ ጉዳይ ይለያል። እሱ ቫይረሱን ወደ ሆዱ አስገብቶ፣ በአካሉ ውስጥ አዙሮ፣ ከምራቁ ጋር ነው የሚያወጣው። ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ ቲማቲም ላይ ኬሚካል ጥቂት ይረዳል። ግን ነጭ ዝንብ ኬሚካል በመልመድ የታወቀ ነው። ዛሬ የገደለው ከጥቂት ዓመት በኋላ ላይነካው ይችላል። ሰው ገንዘቡን እያፈሰሰ በሽታው ሲቀጥል ያየሁት ብዙ ነው። ሻጩም «መጠኑን ጨምረው» ይላል፤ በቃ፣ ሌላ ምክር የለውም።

ስለዚህ ዘር ላይ እንመለስ።

ቫይረስን የሚቋቋም ተክል መምረጥ የሚቻለው ቫይረስ ባለበት ነው። ንፁህ ማሳ ላይ ሁሉም ጀግና ነው። በሽታ በጠናበት ዓመት፣ ሰው ማሳውን ገልብጦ ሊያርስ ሲነሳ፣ እኔ ፈቃድ ጠይቄ የምገባው ለዚህ ነው። አንዳንዱ በትዝብት ያየኛል። ሙሉ በሙሉ ቢጫ በሆነ በርበሬ መሃል ጎንበስ ብዬ አንዷን ተክል ስዞራት ግራ ይገባቸዋል።

አጎቴን ሁለት መደብ ሳይረጭ እንዲተውልኝ ስጠይቀው የመለሰልኝ ይሄን ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ሰው በሽታን ከደጁ ያባርራል። አንተ ደግሞ ትጠራለህ?»

«ጋሼ፣ ዳሩን ብቻ ይስጡኝ። ከንፋሱ በታች ያለውን።»

«ወደ በርበሬዬ ቢሻገርስ?»

ጭንቀቱ ትክክል ነው። ስለዚህ የመረጣ መደብ የሚሠራ ሰው ቦታውን ያስብበት። ብዙውን ጊዜ ንፋሱ ከሚነፍስበት በታች፣ ከሌላ ሰው በርበሬና ቲማቲም ራቅ ብሎ ይሁን። ምልከታው እንዳለቀ ቀሪው ተክል ወዲያው ተነቅሎ ይቀበር። ጎረቤትን ሳያማክሩ ይሄን ሥራ መጀመር ጥል መግዛት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቀላሉ የሚታመም ዝርያ ቀድሜ እተክላለሁ፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት። በየማሳው ካገኘሁት የታመመ ተክልም ሥሩን ሳልጎዳ አምጥቼ በመካከሉ እሰካለሁ። ክሽክሹ ሥራውን ይጀምራል። የምፈትናቸውን ደግሞ በእነዚህ መስመሮች መካከል እተክላቸዋለሁ። ግራም ቀኝም የታመመ ጎረቤት አላቸው። ማዳበሪያና ውሃ እንደ ሌላው ማሳ ያገኛሉ፤ ለነፍሳት የሚረጭ ነገር ግን የለም።

ከዚያ ማየት ነው። አንድ ቀን ታይቶ የሚያልቅ አይደለም። አንዷ ተክል አበባ ሳታወጣ ትታመማለች፣ ሌላዋ ፍሬ ከያዘች በኋላ። በመጨረሻ ላይ ሁለቱም ቢጫ ስለሆኑ እኩል ይመስላሉ፤ እኩል ግን አይደሉም። ስለዚህ በየሳምንቱ እየዞርኩ ከ1 እስከ 5 ነጥብ እሰጣለሁ። 1 ምንም የሌለባት ናት፣ 5 ደግሞ ያለቀላት። የታመመችበትን ሳምንት በደብተር እይዛለሁ። እስከ መጨረሻው 1 እና 2 ላይ የቆሙት ግንድ ላይ ነጭ ክር ይታሰራል። ክሩ የሚታሰረው ዛላው ከመቅላቱ በፊት ነው። ዛላው ከቀላ በኋላ ዓይን ወደ ትልቁ ይሳባል፣ ፍርድም ይዛባል። የኔ እንኳ ይዛባል።

ነጭ ክር ያሰርኩባቸው ሁሉ ይቋቋማሉ ማለት ግን አይደለም። በአንድ በጋ ቦዩ መታጠፊያ ላይ አንዲት ተክል ነበረች። ዙሪያዋ ሁሉ የተቃጠለ፣ እሷ ግን ጥቁር አረንጓዴ። ቅርንጫፏ በዛላ ጎብጧል። አላፊ አግዳሚው «ይቺን ለዘር!» ይል ነበር። ዘሯን ወስጄ ችግኝ አፈላሁ። ችግኞቹ አራት አምስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጡ ፈተንኳቸው። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይተው ሁሉም ሞዛይክ ሆኑ። እናቲቱ ቫይረሱን አልቻለችውም። ክሽክሹ አላገኛትም፣ ወይም ዘግይቶ አገኛት። አምልጣ ነበር እንጂ።

ፈተናው ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ሞዛይኩ በደንብ የሚታይበት ለጋ ቅጠል ትቆርጣለህ። በንፁህ ሙቀጫ፣ ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ጨምረህ ትወቅጠዋለህ። ምርምር ማዕከል ውስጥ በተራ ውሃ ፋንታ ፎስፌት ያለበት ውህድ ይጠቀማሉ፤ ቫይረሱ ቶሎ እንዳይሞት። የችግኙ ቅጠል ላይ ካርቦረንደም የሚባል ደቃቅ የመሞረጃ ዱቄት በስሱ ይነሰነሳል። ከዚያ ጣትህን ጭማቂው ውስጥ ነክረህ ቅጠሉን ቀስ ብለህ ታሻለህ። የቅጠሉን ቆዳ ጫር የሚያደርግ ያህል ብቻ፤ ከበዛ ይቃጠላል። ወዲያው በንፁህ ውሃ ታጥበዋለህ። የተወቀጠው ሳይውል ሳያድር፣ እዚያው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቅ። በጎን በኩል ደግሞ እንደሚታመም የምታውቀውን ዝርያ ችግኝ አብረህ ታሻለህ። እሱ ካልታመመ ፈተናው አልሠራም ማለት ነው፤ የሌሎቹ ጤንነትም ምንም አይነግርህም። ይሄ የመጨረሻው ነገር የሚረሳ ነው። አትርሱት።

ለቲማቲሙ ቢጫ ጠቅልል ይሄ ዘዴ አይሠራም። እሱ በማሸት አይተላለፍም። ወይ ነጭ ዝንብ ያስፈልገዋል፣ ወይ ደግሞ የታመመ ቅርንጫፍ ቆርጦ በሚፈተነው ተክል ላይ እንዲጣበቅ መክተብ።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ። በደንብ ታማለች፣ ቅጠሏ ሞዛይክ ነው፣ ግን ታፈራለች። ችላ ታፈራለች። እንዲህ ያለችውን አልጥላትም። በብዙ ትንንሽ ዘረመሎች የተደገፈ ነገር ሊሆን ስለሚችል ዕድሜ ይኖረዋል። ችግሩ ራሷ ብትችልም ውስጧ ብዙ ቫይረስ ስላለ ለጎረቤት ማሳ ምንጭ ትሆናለች። የት እንደሚተከል ማሰብ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ማዳቀሉ። ቫይረስ የራሱ ምጣድ የለውም። የተክሉን ምጣድ ተበድሮ ነው ራሱን የሚጋግረው። በርበሬ ውስጥ ከሚበደራቸው ዕቃዎች አንዱ ተክሉ ፕሮቲን ለመሥራት የሚጠቀምበት አንድ ሞለኪውል ነው። አንዳንድ በርበሬዎች ውስጥ ይህ ሞለኪውል ትንሽ ለየት ያለ ነው። ለተክሉ ሥራውን ይሠራል፣ ለፖታቶ ቫይረስ ዋይ ግን አልገጥም ይላል። ይህን እ.ኤ.አ. በ2002 ፈረንሳይ ውስጥ አቪኞ ያሉ ተመራማሪዎች በዘረመል ደረጃ አረጋግጠውታል። አርቢዎች ግን ከዚያ አስቀድሞ ለአሥርት ዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

ለእኛ ሥራ ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው፦ ተክሉ ከእናቱም ከአባቱም ይህንኑ ለየት ያለውን መውረስ አለበት። ከአንዳቸው የተለመደውን ከወረሰ ቫይረሱ በእሱ ይጠቀማል። ስለዚህ የሚቋቋመውን ከአገራችን በርበሬ ጋር ስታዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ይታመማል። በሙሉ! እኔ ያዳቀልኩት የመጀመሪያ ትውልድ በፈተና ሲታመም አጎቴ «ጠፋብህ» አለኝ። አልጠፋም። ከእነዚያ ከታመሙት ዘር ወስደህ ስትተክል በሁለተኛው ትውልድ ከአራቱ አንዱ ገደማ ጤነኛ ሆኖ ይወጣል። ከ100 ተክል 25 አካባቢ ማለት ነው። ቢያንስ አንድ የሚቋቋም ለማግኘት 95 በመቶ እርግጠኛ ልሁን ካልክ 11 ተክል ይበቃል። ግን አንድ ብቻ ማግኘት ምን ያደርጋል? ዛላውንም፣ ቀለሙንም፣ ቁመናውንም መምረጥ አለብህ። ቦታው በፈቀደ መጠን ብዙ ትከል። ይህን ሳያውቁ በመጀመሪያው ትውልድ ተስፋ ቆርጠው የጣሉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

የማዳቀሉ እጅ ሥራ በጠዋት ነው። ነገ የሚፈነዳ የሚመስል እንቡጥ ትመርጣለህ፤ ነጩ ቅጠል አብጧል፣ ግን አልተከፈተም። በወረንጦ ከፈት ታደርገዋለህ። ውስጡ ወይን ጠጅ መልክ ያላቸው ትንንሽ የወንዴ ዱቄት ከረጢቶች አሉ። ዱቄታቸውን ሳያራግፉ አንድ በአንድ ታወጣቸዋለህ። መሃል የሚቀረው ቀጭን ሴቴ አካል ነው። ከሌላኛው በርበሬ የፈነዳ አበባ ታመጣና ዱቄቱን ጫፉ ላይ ትነካዋለህ። ክር ታስራለህ። ስሙን በእርሳስ ጽፈህ ታንጠለጥላለህ፤ እስክሪብቶ በጤዛ ይለቃል። ብዙው እንቡጥ ይረግፋል፤ ሙቀቱ ሲበረታማ የባሰ። ሲጋራ የሚያጨስ ወይም ሱረት የሚነካ ሰው መጀመሪያ እጁን በሳሙና በደንብ ይታጠብ። የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ በደረቀ ትምባሆ ውስጥ ይቆያል፣ በእጅም ይተላለፋል።

ቫይረሱን መቋቋሙ ብቻውን በርበሬ አያሰኘውም። የተጠቀምኩበት የሚቋቋም ዝርያ ዛላው ትንሽና ስስ ነው። ሁለተኛውን ትውልድ ደርቆ ሳየው ደስ ብሎኝ ለአጎቴ ሚስት ወሰድኩላት። እትዬ አንድ ዛላ አንስታ ሰበረችው። ድምፁን ሰማች። ውስጡን በአውራ ጣቷ ፈተገችው፣ ጣቷ ላይ የቀረውን ቀለም ወደ ብርሃን አዙራ አየች። አሸተተች። ከዚያ ወደ ሰፌዱ መለሰችው።

«ያቃጥላል። ግን ሥጋ የለውም፤ ድልህ አይወጣውም። ወጥ ውስጥ ቢገባ ቀለሙ የት አለ?»

በቃ፣ ፍርድ ተሰጠ። ሰንበቴ ገበያ እሑድ ይዤው ብወጣ ነጋዴውም ሌላ አይለኝም ነበር። ስለዚህ ከዚያ ትውልድ የተቋቋሙትን እንደገና ከአገር በርበሬያችን ጋር መልሼ አዳቀልኩ። ቀጥሎ ያው ጨዋታ ነው፤ መጀመሪያ ሁሉም ይታመማል፣ ከዚያ አንድ አራተኛው ይወጣል። በየዙሩ ወፍራም ዛላ ያለው፣ የሚቋቋም ይፈለጋል። በመስኖ በዓመት ሁለት ትውልድ ማግኘት ይቻላል። እንደዚያም ሆኖ ዘሩ እስኪረጋ ዓመታት ይፈጃል። አሁን በየዙሩ ለፈተና የምወስደው ሁለት ቦታ ነው፦ አንዱ የበሽታው መደብ፣ ሌላው እትዬ ሰፌድ ላይ።

ዘር ለመያዝ አንድ ነገር ልጨምር። ቲማቲም ባብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ብዙ አያስቸግርም። በርበሬ ግን ንብ ትጎበኘዋለች። ከጎረቤት በርበሬ ጋር ይደባለቅብሃል። ስለዚህ የመረጥካትን ተክል አበባ ከመፈንዳቱ በፊት መሸፈን ነው። አሮጌ አጎበር ለዚህ ይበቃል፤ ንብ አያስገባም። ተክሏ ውስጥ ሆና ራሷን እንድታዳቅል አልፎ አልፎ ቅርንጫፉን ነቅነቅ አድርጓት። ግን አጎበሩ ነጭ ዝንብን ይከለክላል ብላችሁ የቲማቲም ችግኝ ላይ እንዳትዘረጉት። የአጎበር ቀዳዳ ለነጭ ዝንብ ሰፊ በር ነው። ለእሱ የሚሆነው ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ጥቅጥቅ ያለ መረብ ነው።

ቲማቲምን በተመለከተ ራሳችሁ ለማዳቀል አትድከሙ ነው የምለው። ለቢጫ ጠቅልሉ የሚሆኑት ዋና ዋና ዘረመሎች ከዱር ቲማቲም የመጡ ናቸው። ቲዋይ አንድ የሚባለው ከቺሊና ከፔሩ በረሃ ከሚገኝ ዱር ዘመዱ ነው። ያ የዱር ቲማቲም ከእኛው ጋር በቀላሉ አይዳቀልም። ተመራማሪዎች ብዙ ለፍተው አስገብተውታል። ቲዋይ አንድ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ስለሚሠራ ዲቃላ ዘር ውስጥ ይገኛል። የሚሻለው ዘሩን ስትገዙ ማሸጊያውን ማንበብ ነው። ከስሙ አጠገብ በላቲን ፊደል የተደረደሩ ምህጻሮች አሉ። ኤች አር ማለት ከፍተኛ መቋቋም፣ አይ አር ደግሞ መካከለኛ ማለት ነው። ከእነሱ ቀጥሎ የቫይረሱ ምህጻር ይጻፋል፤ ቲ ዋይ ኤል ሲ ቪ የሚለውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው አይ አር ነው። ይታመማል፣ ግን ትንሽ ነው፣ ያፈራል ማለት ነው። ሻጩ «ምንም አይነካውም» ቢል አትመኑት። የዲቃላውን ፍሬ ዘር መልሶ መትከል ደግሞ ዕጣ ማውጣት ነው። አንዳንዱ ይቋቋማል፣ አንዳንዱ አይቋቋምም፣ ፍሬውም የተለያየ ይሆናል።

የሚቋቋም ዘር አንዴ ከተገኘ ለዘላለም ይሠራል ብሎ መተኛትም የለም። ቲማቲምን ከትምባሆ ሞዛይክና ከቲማቲም ሞዛይክ ለሃምሳ ዓመት ገደማ የጠበቀ አንድ ዘረመል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2014 እና 2015 ጀምሮ መጀመሪያ እስራኤልና ዮርዳኖስ ውስጥ የታየ አዲስ ቫይረስ፣ ፍሬው ላይ ቡናማ ሽብሽብ የሚያወጣው፣ ያንን ዘረመል አልፎት ሄደ። ይሄኛው በዘርም በእጅም በመቀስም ይተላለፋል። ከውጭ የገባ ዘር ካገኛችሁት ሰው ሁሉ አትግዙ የምለው ለዚህ ነው። የራሳችሁን ዘር ስታወጡም ከዚህ ቫይረስና ከቤተሰቡ ለመጠንቀቅ አሥር በመቶ ትራይሶዲየም ፎስፌት የሚባል ኬሚካል ባለበት ውሃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፎ በብዙ ውሃ ማጠብ የተለመደ ነው። ክሽክሽ የሚያዛምታቸው የበርበሬ ቫይረሶች ግን በአብዛኛው በዘር አይሄዱም። ስለዚህ የታመመች ግን የምትችል እናት ዘሯ አይጣል።

ዘንድሮ ከመረጥኳቸው መስመሮች ለተወሰኑ ጎረቤቶች ትንሽ ትንሽ ሰጥቻለሁ። ቅድመ ሁኔታ አለው። ከራሳቸው ዘር ጎን፣ በአንድ ቀን ይትከሉት፤ ያንን ጥግ አይርጩት። ያፈራው ለእነሱ፣ የታመመው ቅጠል ለእኔ። ወንዙ ማዶ ካሉት ማሳዎች በአንዱ ውስጥ እዚህ ተቋቁመው የነበሩት ታመው ተገኝተዋል። ምናልባት እዚያ ያለው ሌላ ቫይረስ ነው። አንዱን የሚቋቋም ሌላውን ላይቋቋም ይችላል፤ በዓይን ደግሞ ሞዛይኩ አንድ ዓይነት ነው። ቅጠሉን ወረቀት ውስጥ አድርጌ፣ ከዲኤው ጋር ሆነን አምቦ ወዳለው የግብርና ምርምር ማዕከል ልንልከው ነው፤ በዕፅዋት ጥበቃ የታወቀ ስለሆነ። ውጤቱ ሌላ ነው ካለን ሌላ ወላጅ መፈለግ ይኖርብናል። የግንቦት ችግኝ ከመፍላቱ በፊት ቢደርስልን ጥሩ ነበር።